እናቴ መርሳ የወረደች ቀን

እናቴ የጠፋችው አንድ ቅዳሜ ቀን፣ እኔ ልብስ አጥቤ እያሰጣሁ ሳለ ነው። መጥፋቷን እስክሰማ ድረስ ወደ እኔ እየመጣች እንደነበረም አላውቅም።

ያን ጊዜ ወልድያ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነበርኩ። አገሬ ጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ትንሽ ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። ምደባው የወጣ ቀን አባቴ ወልድያ የት እንደሆነች የሰፈራችንን አስተማሪ ጠየቀው። ከአዲስ አበባ ወዲያ አንድ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ መንገድ አለ ሲለው፣ አባቴ ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀና ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ ወደ ቤት ገባ። የምሄድበት ቀን ሲደርስ አንድ ቃል አስገባኝ። ቡድን፣ ማኅበር፣ ቤተሰብ የሚባል ነገር ውስጥ እንዳልገባ።

ምክንያት ነበረው። ታላቅ ወንድሜ ማቲዮስ ከእኔ በፊት ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። እዚያ ያገራችን ልጆች ያቋቋሙት ቡድን ተቀበለው። መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ደስ የሚል ነበር፤ አብሮ መብላት፣ ልደት ማክበር፣ የታመመ መጠየቅ። እያደር ግን የአንዱ ጠብ የሁሉም ጠብ ሆነ። አንድ ምሽት ወንድሜ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ልጅ ለመምታት ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ተደብድቦ ተመለሰ፣ ከዚያም ከትምህርቱ ተባረረ። ዛሬም ቅንድቡ ላይ ጠባሳው አለ። እሱ አዲስ አበባ ጋራዥ ገባ፣ እናቴ ደግሞ ለወራት የሰው ፊት ማየት ጠላች። እና አባቴ ቃል ግቢ ሲለኝ ሳልከራከር ገባሁ።

ወልድያ ስደርስ ግን ግቢው በሙሉ በቤተሰብ የተከፋፈለ ሆኖ አገኘሁት። ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ አባት ይባላል፣ አንዷ እናት፤ አዲስ ገቢዎቹ ልጆች ይሆናሉ። በእኛ ሕንፃ የነበረው የሴቶች ብቻ ሲሆን ስሙ “ቅሬ” ነበር። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የወሎ ሰው ለቀብሩም ለሰርጉም ለችግሩም የሚሰባሰብበት። ስሙን ያወጣችው ከእኔ አልጋ በላይ የምትተኛው ዘይነባ ናት። ዘይነባ የሀብሩ ገበሬ ልጅ ናት፣ ቤታቸው ደሴ መንገድ ላይ ካለችው ከውርጌሳ ብዙ አይርቅም። ስትናገር ቃሉን ሳብ አድርጋ ስለምትጥለው፣ ስትቆጣ እንኳ የምታንጎራጉር ይመስላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅሬው ውስጥ እንድገባ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኳት።

“ቅሬ የሌለው ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል?” አለችኝ።

“እኔ ልማር ነው የመጣሁት፤ ልሞት አይደለም።”

አልጋው እስኪንቋቋ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። ብቻ ቅሬዎቹ አብረው እራት በበሉ ቁጥር፣ ጠረጴዛዬ ላይ በሳህን የተከደነ ድርሻ አገኝ ነበር። ማን እንዳስቀመጠው አልጠይቅም፤ ግን እበላዋለሁ።

የቅሬው ዳኛ፣ መሪ ማለት ነው፣ የሚሏት ራሄል የምትባል የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። የጎጃም ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ ስትስቅ የማትታይ። እሷን ትንሽ እፈራት ነበር።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ስልኬ ጠራ። ማቲዮስ ነው። ሰላምታ ሳያስቀድም እማዬ አጠገቤ እንዳለች ጠየቀኝ። የቷ እማዬ አልኩት። ትናንት ወደ አንቺ አሳፍሬያታለሁ እኮ አለኝ። በእጄ የያዝኩት እርጥብ ቀሚስ ጫማዬን ሁሉ አርሶት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሞ፣ በመሃሉ ያለው የእረፍት ጊዜ ስላለፈ፣ ከዓመት በላይ አገር ቤት አልሄድኩም። እናቴ መጠበቅ ሰለቻት። መንገዱ ሰላም ነው የሚል ወሬ ስትሰማ ተነስታ አዲስ አበባ ማቲዮስ ዘንድ ደረሰች፤ ለእኔ እንዳይነግረኝም ከለከለችው። ድንገት ደጄ ላይ ቆማ ልታስደስተኝ ነበር ሐሳቧ። እሱ ከነትልቅ ጥቅሏ ወልድያ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ አሳፈራት፤ አውቶቡሱ ደሴ አደረ። ጠዋት ተሳፋሪውን ወደ ሚኒባስ አዛውረው ላኩት። ከዚያ በኋላ ስልኳ ጠፋ። ባትሪ ዘግቶባት ይሁን፣ ወስደውባት ይሁን፣ የሚያውቅ የለም።

እናቴ ከዚያ በፊት ከሶዶ አልፋ የማታውቅ ሴት ናት። ከአማርኛ ሰላምታና “ስንት ነው” ታውቃለች፤ ሌላ “ኮሌጅ” የምትል ቃል ታውቃለች፣ እኔ የምኖርበትን ቦታ የምትጠራው በሱ ነው። ማንበብ አትችልም። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳስበው የልብስ ማሰጫው ሥር ቁጭ አልኩ።

ዘይነባ በመስኮት አይታኝ ኖሮ እየሮጠች መጣች። ምን እንደነገርኳት አላስታውስም፤ ነጠላ ጫማ አድርገን ወደ መናኸሪያ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ መሆናችንን ነው የማስታውሰው። መናኸሪያ ስንደርስ ከኋላችን ሌላ ባጃጅ ቆመ። ራሄልና ሁለት የቅሬ ልጆች ወረዱ። ዘይነባ መቼ እንደደወለችላቸው እንኳ አላየሁም። ራሄል መጽሐፍ እንደያዘች ነው የመጣችው።

ከደሴ የመጡትን አንድ በአንድ እየጠየቅን ሚኒባሱን አገኘነው። ረዳቱ ለደሴ መልስ ተሳፋሪ እየጠራ ነበር። ባለ ትልቅ ጥቅል እናት ብዬ ስጠይቀው ወዲያው ትዝ አሉት። ወልድያ ሳይደርሱ፣ መርሳ ከተማ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመው ነበር። እናቴ በመስኮት “ኮሌጅ? ኮሌጅ?” ብላ ጠየቀች፤ ውጭ የቆሙ ሰዎች አዎ ኮሌጅ እዚህ አለ አሏት። እውነታቸውን ነው፤ መርሳ የእርሻ ኮሌጅ አለ። እሱ ጣሪያ ላይ ጆንያ ሲያወርድ ቆይቶ ሲመለስ ቦታዋ ላይ የለችም። እዚያው አካባቢ ዘመድ ያላት መስሎት ሄደ። ልጁ ራሱ ሲያወራ ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ወደ መርሳ የሚሄድ መኪና ላይ ልወጣ ስል ዞር ብዬ ልጆቹን አመሰገንኳቸው። ከዚህ በኋላ ራሴ እሄዳለሁ አልኩ። ራሄል የመጽሐፏን ገጽ አጥፋ ዘጋችው።

“መርሳን ብቻሽን በስንት እግር ልታዳርሺው ነው?” አለችኝ።

“ራሄል፣ እኔ እኮ የቅሬው አባል አይደለሁም።”

“ማን ጠየቀሽ?” አለችና ከእኔ ቀድማ ገባች።

መንገዱን ሙሉ ዘይነባ ስልክ ላይ ነበረች። መርሳ ባጃጅ የሚነዳ ሰይድ የሚባል አጎት አላት። ለሱ ነገረችው፤ እሱ ለሌሎች ሾፌሮች እንዲነግር አደረገች። ለእናቷ ደወለች፣ እናቷ ለጎረቤት እንድትናገር። ውርጌሳ ሱቅ ላላት አክስቷም ደወለች፤ ምናልባት እናቴ ስህተቱን አውቃ ወደ ደሴ አቅጣጫ ተመልሳ ቢሆን ብላ። በመሃል በመሃል ጉልበቴን እየነካች “አብሽሪ” ትለኛለች። “አብሽሪ ምህረት፣ ኢንሻአላህ እናገኛቸዋለን።” እኔ ግን ዓይኔ ከመስኮቱ አይነቀልም። በእግሯ የምትሄድ ሴት ባየሁ ቁጥር ፊቷን ለማየት አንገቴን አሰግጋለሁ። ወደ መርሳ እየቀረብን ስንሄድ ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፣ ያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ጨመረብኝ። እናቴ ደገኛ ናት። ፀሐይ ላይ ወድቃ ቢሆንስ? ጥሟት ውሃ በምን ቋንቋ ትጠይቃለች?

ሰይድ መርሳ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ቀጠን ያለ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ የደፋ ሰው ነው። አስቀድሞ ሲያጠያይቅ ቆይቶ አንድ ሾፌር አግኝቷል። ሰውዬው ጠዋት “ኮሌጅ” ያሉ አንዲት እናት ጭኖ ግቢው በር ላይ አውርዷል፤ ሂሳብ ሲጠይቃቸው መሐረባቸውን ፈትተው ያለውን ሁሉ ዘረጉለት፣ እሱም አፍሮ ሳይቀበል ሄደ። እዚያ ድረስ እናቴ አለች ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ ያን ጊዜ ተነፈስኩ።

በሁለት ባጃጅ ተጭነን ኮሌጁ በር ደረስን። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። አዎ፣ አንዲት ሴት መጥተው ነበር አሉ። የልጃቸውን ስም ሲጠሩ፣ እንዲህ የምትባል ተማሪ የለችም ብለው ሊያስረዷቸው ሞከሩ። ሴትዮዋ ሳቁላቸውና ሄደው ማንጎው ሥር ተቀመጡ፤ ልጃቸው ከክፍል እስክትወጣ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ውሃ ሰጧቸው። ከዚያ ወደ ሰርግ የሚሄዱ ሴቶች በዚያ ሲያልፉ አነጋግረው ይዘዋቸው ሄዱ።

“የማን ሰርግ ነው አባባ?” አለቻቸው ዘይነባ።

“እሱን አላወቅኩም ልጄ። ዛሬ እንደሆነ ሰርጉ በየሰፈሩ ነው።”

ወደ መጀመሪያው ሰርግ ቤት ስንገባ እናቴ የለችም። የለችም ብሎ መውጣት ግን ቀላል አልነበረም። የሰርግ ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣትን ማን ይፈቅዳል? አንድ አዛውንት መንገዱ ላይ ቆመው “ቢስሚላህ በሉ” እያሉ አላሳልፍ አሉን። ዘይነባ እጃቸውን ስማ ጉዳዩን ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። እዚያው ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ለእናቴ ዱዓ አደረጉ፤ ዳሱ ሙሉ አሚን አለ። ስንወጣ ደግሞ የሁላችንንም እጅ በዳቦ ሞሉት። እያለቀስኩ ዳቦ ስበላ ራሄል አየችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ከዚያ እኔም ሳቅኩ። እንደዚያ ባለ ሰዓት መሳቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

ሰይድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሰፈር ወሰደን። ባጃጁ የማይገባበት ቦታ ስንደርስ ወርደን በእግር ሄድን። ከሩቅ ድቤ ይሰማል፣ የሴቶች ጭብጨባ፣ እልልታ። ዳሱ አጠገብ ስንደርስ ድቤው ቀዘቀዘና አንድ ድምፅ ብቻውን ቀረ። እግሬ ቆመ። ዘይነባ ምን ሆንሽ ብላ ክንዴን ያዘችኝ።  የሰማሁት ዘፈን በጋሞኛ ነበር። እኛ መንደር ሙሽራ ስትወጣ የሚዘፈን ነው፤ ድምፁን ደግሞ ከሺህ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ።

ዳሱን ገልጬ ገባሁ። እናቴ በሴቶቹ መሃል ቆማለች። እጇ እስከ አንጓዋ ሂና ተቀብቷል። ትከሻዋ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ቢጫ ሻሽ ጣል ተደርጎባታል። እሷ ታወጣለች፣ ሴቶቹ ቃሉን ሳያውቁ በጭብጨባና በ“ሆ” ይቀበሏታል። ሙሽራዋ ራሷ ሽፋኗን ከፍ አድርጋ እያየቻት ትስቃለች። እናቴ አየችኝ። አልደነገጠችም፣ አልጮኸችም። የጀመረችውን ግጥም እስከ መጨረሻው አድርሳ፣ እልልታውን ተቀብላ፣ ከዚያ ነው ወደ እኔ የመጣችው።

“የት ቆየሽ?” አለችኝ በቋንቋችን። “ሰዎችሽ ከጠዋት ጀምረው እኔን ሲያስተናግዱ ደከሙ።”

ሰዎቼ! ለካ እናቴ ጠፍታም አታውቅ። ኮሌጅ ብላ ኮሌጅ ደርሳለች፤ በሩ ላይ መጥተው በክብር የወሰዷት ሴቶች የእኔ ወዳጆች መስለዋታል። እኔ ወልድያ መሬት ላይ ተቀምጬ ስንሰፈሰፍ፣ እሷ ልጄ እዚህ አገር እንዴት ያሉ ሰዎች አፍርታለች እያለች እግዚአብሔርን ስታመሰግን ውላለች። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ሳለቅስ ግራ ገባት። ሰርግ ላይ አይለቀስም ብላ ተቆጣችኝ።

የሙሽራዋ እናት እትዬ ከድጃ መጡ። ደርባባ፣ ፊታቸው በሥራ ወዝ ያበራ ሴት ናቸው። የሆነውን ዘይነባ ስትነግራቸው ደረታቸውን መቱ።

“እኛ ምን እናውቃለን ልጄ! ማንጎው ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አየናቸው፤ እንግዳ ናቸው። የሰርግ ለት እንግዳ ሜዳ ላይ ትቶ ማለፍ ለሙሽራይቱም ደግ አይደል። ስምዎ ማን ነው ስንላቸው ኮሌጅ አሉን። እመት ኮሌጅ እያልን ነው የዋልን።”

ራሄል ሳቋ አፍኗት ወደ ውጭ ወጣች።

እትዬ ከድጃ የእናቴን ስልክ ቻርጅ እንዲደረግ ጎረቤት ልከውት ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ሳይሞላ ቀርቷል። ወልድያም ሆነ ሌላ ቦታ ዘመድ ካላቸው ሰርጉ ሲያበቃ ልጆቹ ያፈላልጋሉ ብለው አስበዋል። ደግሞ ሃይማኖቷ ምን እንደሆነ መጠየቅ ስላልቻሉ፣ ሥጋው በየትኛው ወገን እንደሚቀርብላት ቸግሯቸው ተመካከሩ። እዚያ አገር የሰርግ ድግስ ላይ ለክርስቲያን እንግዳ በክርስቲያን እጅ የታረደ ለብቻው ይሠራል። በመጨረሻ የማንንም እምነት የማይነካ ማርና ወተት በዳቦ አቀረቡላት። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ የወሎ ሰው ምግቡ ማርና ወተት ነው ትላለች።

ከዚያ እናቴ ዓይኗ በሩ ላይ ተደርድረው የቆሙት ልጆች ላይ አረፈ። ዘይነባ ሻሿ ተንሸራቷል። ራሄል ከነመጽሐፏ ናት። ሁለቱ ልጆች ነጠላ ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

“እነዚህስ እነማን ናቸው?” አለችኝ።

 በቋንቋችን የግቢ ቤተሰብ የሚባል ነገር የለም። ማኅበር ብላት የማቲዮስ ጠባሳ ነው የሚታያት። ጓደኞቼ ብላት እውነቱ አይደለም፤ ከዘይነባ በቀር ከሌሎቹ ጋር ተቀምጬ አንድ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። ግን እነሱ ሳልጠራቸው መጥተው፣ ለማያውቋት ሴት ከቤት ቤት ሲዞሩ ውለዋል። የመጣልኝን አልኩ።

“እህቶቼ ናቸው።”

እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። ይህን ሁሉ መቼ ወለድኩ ብላ ሳቀች፤ ከዚያ አገጫቸውን እየያዘች ሁሉንም ሳመቻቸው። ጥቅሏን ፈታች። ከደጋ ድረስ ተሸክማ ያመጣችው ቡልኮ ነበር፣ አባቴ ራሱ የሸመነው፣ ለእኔ ለብርድ። በዚያ የመርሳ ሙቀት ዳሱ ውስጥ መሬት ላይ ዘርግታ ሁላችንንም አስቀመጠችን። ትንሽ ቆይቶ ትሪ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ልበላችሁ፤ ጨፈርን። ራሄል እስክስታ እንደዚያ እንደምትችል ቅሬዎቹም አያውቁም ነበር። እትዬ ከድጃ እደሩ እደሩ ሲሉ ቆይተው፣ በስንት ልመና ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቀቁን።

ከመኪናው ውስጥ ለማቲዮስ ደወልኩለት። እማዬን ሰጠሁት፣ ስለ ሰርጉ ስታወራለት ቆየች። ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ ማን እንዳገኛት ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ቅሬ የሚባል እንዳለም፣ እኔ እንዳልገባሁበትም።

 ከዚያ፣ “እኔ የነበርኩበት ቡድን ሰው ለመምታት ነው አንድ ላይ የወጣው” አለኝ። “እናት ለመፈለግ ወጥቶ አያውቅም። አባባን እኔ አናግረዋለሁ።”

አባቴ ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሱ ደወለ። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እነዚህ ልጆች ከሌላ ሲጣሉ አንቺንም ይጠሩሻል ወይ አለኝ። እስካሁን ያየሁት ጠባቸው በሻወር ተራ ነው አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። ከገባሁት ቃል የፈታኝ በዚያ ሳቅ ነው።

እናቴ ወልድያ አንድ ሳምንት ከረመች። ዘይነባ ዘመዶቿ ቤት ማደሪያ አገኘችላት። ቅሬዎቹ በየቀኑ ክፍል ሲያልቅ ሄደው ይጎበኟታል፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው ምን እንደሚያወሩ እኔ አይገባኝም፣ ሳቃቸው ግን መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔም በዚያው ሳምንት ቅሬው ውስጥ ገባሁ።

ዛሬ ተመርቄ ሥራ ይዣለሁ። የጎረቤት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳቸው ቤቴ መጥተው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፤ ቤተሰብ የሚባለው ውስጥ እንግባ ወይስ አርፈን እንማር? አንባቢዎቼ፣ እኔ ለሁሉም የሚሆን መልስ የለኝም። ወንድሜ ገብቶ ትምህርቱን አጥቷል። እኔ ግን እናቴን በዚያ ቀን በመናኸሪያው በር ብቻዬን ቆሜ ብፈልጋት ምን እሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ስለዚህ ለልጆቹ የምነግራቸው ያየሁትን ነው። አገራችሁ የት ነው፣ ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው ብሎ ጠይቆ የሚሰበስብ ቡድን ሲያጋጥማችሁ ቀስ በሉ። አንዱን ለመጥላት ካልተስማማችሁ የማያስገባችሁ ከሆነ ደግሞ ሽሹ፤ ራታችሁን ብቻችሁን ብሉ፣ ምንም አትሆኑም። ነገር ግን ሰው መፍራት ትምህርት ማክበር እንዳይመስላችሁ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ መስሎኝ፣ የሰው እራት በድብቅ እየበላሁ ኖሬያለሁ።

መስከረም ላይ ዶርም ስትገቡ፣ ሻንጣችሁን ሳትፈቱ በር የሚያንኳኩ ልጆች ይመጣሉ። ምን ልታደርጉ ትሰበሰባላችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ደጋግማችሁ ጠይቋቸው፣ አትፈሩ። መልሳቸው ደግ ከሆነ ግን በር ላይ ብዙ አታቁሟቸው።